ሐዲድ የወለዳት ከተማ

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የተቆረቆሩት በቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ በደብር አጠገብ ወይም በገበያ ዳር ነው። ድሬዳዋን ግን የቆረቆራት የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደርሶ ባይቆም ኖሮ፣ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበት ይህ ስፍራ የግመልና የከብት መሰማሪያ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ የምድር ባቡር ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በሌላ ከተማ የሹማምንትና የነጋዴዎች ጉዳይ ቢሆን፣ በድሬዳዋ የየቤቱ ጉዳይ ነው።

ጥያቄው እንዲያው የተነሣ አይደለም። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም በዚያን ጊዜ ገዢ የነበረው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ባወጣው መግለጫ፣ በመንግሥት እጅ ያሉ የምድር ባቡር፣ የስኳር ልማት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የሆቴልና ሌሎችም ድርጅቶች በከፊል ወይም በሙሉ ለአገር ውስጥና ለውጭ ባለ ሀብቶች እንዲተላለፉ መወሰኑን አስታወቀ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ የሚዛወሩበትን ሥርዓት የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። ይህን የመሰለውን ጉዳይ በወረቀት ላይ ብቻ ከማንበብ ይልቅ፣ አንድ ጊዜ የግል ኩባንያ፣ አንድ ጊዜም የሁለት መንግሥታት ንብረት የነበረ ሐዲድ ከሚታይበት ቦታ ተገኝቶ መመልከት ይሻላል ብለን ወደ ድሬዳዋ ተጓዝን።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ የጨርጨርን ደጋ ያቋርጣል። የማሽላውንና የጫቱን እርሻ ግራና ቀኝ እያየ ቁልቢን ካለፈ በኋላ፣ ደንገጎ ላይ ሲደርስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። የደጋው ብርድ ጥቂት ሳይቆይ ወደ ቆላ ሙቀት ይለወጣል፤ ካባ ለብሶ የተነሣው ሰው ካባውን ያወልቃል። ይህን ቁልቁለት የወረደ ሰው ሐዲዱ ስለ ምን ወደ ሐረር እንዳልወጣ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ሐረር ከተራራው ላይ ናት፤ ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ አቀበት አይወድም። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ማግባት ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ስለ በዛ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በሜዳው አሳለፉት። በዚህም ምክንያት አዲሲቱ ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን በዚህች ከተማ የሚሰሟቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይነግሯቸዋል። «ባቡር» ቀድሞ በእንፋሎት ለሚሠራ ነገር ሁሉ የተሰጠ ስም ነበር፤ መርከቡም ባቡር፣ የእህል ወፍጮውም ባቡር ይባል ነበርና በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት «የምድር ባቡር» ተባለ። «ሐዲድ» ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ ብረት ነው። ዕቃ የሚጫንበት «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በአዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለውም ስፍራ ፈረንሳዮች ጣቢያውን «ላ ጋር» ብለው ሲጠሩት ከሰማ ሕዝብ የተገኘ ስም ነው። ሽማግሌዎች ደግሞ ድርጅቱን «ሸሚንደፈር» ይሉታል፤ ይኸውም በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው። «ፌርማታ» የሚለው ግን ኢጣልያንኛ ነው። እንግዲህ አንድ ተጓዥ ከትኬት መቁረጫው እስከ መውረጃው ድረስ የሦስት አገር ቋንቋ ሲናገር ራሱ አያውቀውም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚህ ምድር የውሉ ታሪክ ከሐዲዱ ታሪክ ይቀድማል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡት። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበር። ሙሴ ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር፤ ጠባብ ሐዲድ በትንሽ ገንዘብ በተራራና በበረሃ ለመዘርጋት ይቀላልና።

ይሁን እንጂ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። በዚህ መካከል የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች በኩባንያው ውስጥ ገቡበት። ፈረንሳዮችም ሐዲዱ ከእጃቸው እንዳይወጣ ሰግተው፣ በ1894 ዓ.ም የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጥ ስምምነት ተደረገ። አፄ ምኒልክ ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ ሳያውቁት የባዕድ መንግሥት መሣሪያ ሆኖ ስላገኙት ተቆጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ደርሶ ሲመረቅ አልተገኙም፤ ወደ ፊት እንዲቀጥልም አልወደዱም። ስለዚህ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚሁ ከተራራው ግርጌ ቆሞ ቀረ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም በሌላ ውል የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከጀርባውም የኢንዶቺን ባንክ ነበረ። ሥራው እንደ ገና ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ፈቃድ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት ፈጀ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲል የአገራችን ሰው ስለ ውል ክብደት መናገሩ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሌላም አለ። መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ የሚያየው ከፊቱ የቆመውን ሰው ነው፤ ከዚያ ሰው ኋላ ማን ገንዘብ እንዳስያዘ፣ ያም ሰው ሲደክም መብቱ ወደ ማን እንደሚዞር ግን የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የገንዘብ ማጣት ያመጣው ጣጣ ሐዲዱን ለዓመታት ገትሮ ያዘው፤ ሐዲዱ በቆመበትም ቦታ ከተማ በቀለ።

ከተማዪቱን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ነገር ግን ከደጋው ዝናም ሲመጣ በድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉን ማንም አይረሳውም። ከወንዙ ወዲህ ከዚራ፣ ከወዲያ መጋላ አለ። ከዚራ የባቡሩ ሠፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች ከላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥላ ይሰጣሉ። ኩባንያው ጣቢያውን፣ የጥገና ቤቱንና የሠራተኞቹን ቤቶች እዚህ ሠራ። መጋላ ደግሞ የገበያና የነጋዴ ሠፈር ነው፤ ጠባብ መንገዶቹን በነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ መስጊዶችና ሱቆች ሞልተውታል። በአንድ ሱቅ ፊት ጥቂት የቆመ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ንግግር ውስጥ ሲቀያየሩ ይሰማል፤ ከአረጋውያኑ የባቡር ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ ፈረንሳይኛ ይጨመርበታል።

የአሮጌው ጣቢያ የጥገና ቤት ለጎብኚ ክፍት ሆኖ አገኘነው። በረጅሙ ጣራ ሥር የብረት መቁረጫው፣ መብሻውና ማቅለጫው በየቦታቸው ተደርድረዋል፤ የባቡሩ ራሶች ከነቁጥራቸው ቆመዋል፤ በአንዳንዶቹ ሐዲዶች መካከል ሣር በቅሏል። ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ምሥራቅ ብረት መሥራት የፈለገ ወጣት የሚማረው በዚህ ቤት ነበር። የባቡሩን ጎማ ማቅናት የተማረ ሰው የወፍጮ ሞተር መጠገን፣ የውኃ መሳቢያ መትከል፣ በር መበየድ አያቅተውም። ከዚህ ቤት የወጣው ሙያ ከባቡሩ አልፎ ወደ ከተማው ሁሉ ፈሰሰ። የሒሳብ መዝገብ ግን ይህን አይጽፍም፤ የሒሳብ መዝገብ የሚጽፈው ከጭነትና ከትኬት የተገኘውን ገቢ ነው።

በጥገና ቤቱ ደጃፍ አንድ የጡረታ አባት አገኘን። ሥራ የጀመሩት በ1959 ዓ.ም ገና ጢም ሳያበቅሉ ስለ ነበረ፣ የፈረንሳዩንም ኩባንያ፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን አስተዳደር ሁሉ ያውቃሉ። «አባታችን፣ ከኩባንያውና ከመንግሥት የትኛው ይሻል ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው መለዋወጫ የሚያመጣውንና የማያመጣውን ነው» አሉን። «መለዋወጫ በጊዜው ሲመጣ ባቡሩ ይሄዳል። ሲቀር ከጎረቤቱ ፈትተን እንገጥምለታለን። ያን ጊዜ አንዱ ቆመ ማለት ነው። ሁለተኛው ሲታመም ከሦስተኛው እንፈታለን። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ቀን የምንፈታበት አጣን።»

እኚህ አባት በጥቂት ቃል የተናገሩት የ50 ዓመት ታሪክ ነው። ኩባንያው በግል እጅ ሳለ ሌላ ተወዳዳሪ መንገድ አልነበረውምና፣ የሚያስከፍለው ዋጋ ውድ ነው የሚል ስሞታ ይሰማበት ነበር፤ ነገር ግን ሐዲዱን ይጠግን ነበር። በ1952 ዓ.ም ኢትዮጵያ በኩባንያው ውስጥ ያላት ድርሻ ከፍ ብሎ ዋናው ጽሕፈት ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በ1969 ዓ.ም ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ በዚያው ወራት በተነሣው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፣ ሐዲዱም ተቆረጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም በአዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም መንግሥታት ሌላ ብዙ ችግር ነበረባቸውና ለሐዲዱ የሚበቃ ገንዘብ ሳይመድቡ ዓመታት አለፉ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1990 ዓ.ም ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አንድ የባቡር ድርጅት ከዚህ የበለጠ ዕድል ሊያጋጥመው አይችልም። ነገር ግን አሮጌው ባቡር ዕድሉ ሲመጣ የሚቀበልበት ጉልበት አልነበረውም፤ ጭነቱን ሁሉ የወሰዱት ከባድ መኪናዎች ሆኑ። ለዓመታት ያልተጠገነ ሐዲድ ዋጋ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ያን ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ሐዲዱን ለግል ኩባንያ ለመስጠት አሰቡ። እዚህ ላይ ቃሉን ማብራራት ይገባናል። «ወደ ግል ማዛወር» በአንድ ስም ቢጠራም መልኩ ብዙ ነው። አንደኛው ድርጅቱን ከነንብረቱ መሸጥ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ባለቤት እንደ ሆነ ቆይቶ ከአክሲዮኑ የተወሰነውን ክፍል መሸጥ ነው። ሦስተኛው የአስተዳደር ውል ነው፤ ይኸውም አንድ ኩባንያ በደመወዝ ያስተዳድራል፣ ትርፍና ኪሳራው የመንግሥት ይሆናል። አራተኛው ኮንሴሲዮን የሚባለው ነው። በዚህኛው መሬቱና ሐዲዱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ፣ ባቡሩን የማስኬድና ዋጋ የማስከፈል መብት፣ ሐዲዱንም የመጠገን ግዴታ ለተወሰነ ዘመን ለአንድ ኩባንያ ይሰጣል። አፄ ምኒልክ የሰጡት ፈቃድ ከዚሁ ከአራተኛው ወገን ነበር።

በ1998 ዓ.ም ኮማዛር የተባለ የደቡብ አፍሪቃ ኩባንያ ሐዲዱን ለ25 ዓመት እንዲይዝ ተመረጠ፤ ነገሩ ግን ሳይሠምር ቀረ። ቀጥሎ በ2000 ዓ.ም ከኩዌቱ ከአል ጋኒም ኩባንያ ጋር ንግግር ተጀመረ፤ እርሱም ፍሬ አላፈራም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አሮጌውን ሐዲድ ለማደስ የተጀመረው ሥራም ያሰበበት ሳይደርስ ቆመ። በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይመላለስ የነበረው ባቡር ተቋረጠ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም አልፎ አልፎ ከመታየት ወደ መቅረት ደረሰ።

ባቡሩ ሲቆም ትላልቆቹ ከተሞች ሌላ መተዳደሪያ አላቸው። ሌላ የሌላቸው ትንንሾቹ ጣቢያዎች ናቸው። ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ደግሞ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ በባቡሩ ሰዓት የሚኖሩ ነበሩ። ባቡሩ ሲያፏጭ ወተት የያዘችው፣ ፍራፍሬ የያዘችው፣ ውኃ በማሰሮ የያዘችው ሴት ሁሉ ወደ መስኮቱ ትሮጥ ነበር። በአንዳንዱ በረሃማ ቦታ ባቡሩ ከመንገደኛ በቀር ውኃም ያመላልስ ነበር። አንድ ባቡር በጣቢያ የሚቆምባት 10 ደቂቃ ለድርጅቱ ኪሳራ ሊመስል ይችላል፤ ለዚያ መንደር ግን የቀኑ ገበያ እርሱ ነበር።

ዛሬ ከአሮጌው ሐዲድ ፈንታ አዲስ አለ። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሌላው ዘርግተውት መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ የንግድ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱም ስፋት ከአሮጌው የሰፋ ነው። በከባድ መኪና ቀናት የሚፈጅ መንገድ በሰዓታት ይፈጸማል። ባለ ድርሻዎቹ ሁለቱ መንግሥታት ሲሆኑ፣ ሲቋቋም የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ 75፣ የጅቡቲ ድርሻ ከመቶ 25 ሆነ። አብዛኛው ወጪ ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ የመክፈያው ዘመን ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙ በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ተነግሯል። ለስድስት ዓመት ያህል ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች በአስተዳደር ውል ካስኬዱት በኋላ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም አስተዳደሩ ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተረከበ። ይህ ርክክብ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነጂውም መካኒኩም ያገር ልጅ ሆነ ማለት ነውና።

አዲሱን የድሬዳዋ ጣቢያ አየነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳ ላይ የቆመ ሰፊና ንጹሕ ሕንፃ ነው። በአሮጌው ጣቢያ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ ይገባ ነበር፤ ከአዲሱ ግን ባጃጅ ወይም ሌላ መኪና ሳይዝ ከተማውን አያገኝም። የሐዲዱ መንገድ የተመረጠው ከመርከብ የወረደውን ጭነት በፍጥነት ለማድረስ ነው፤ የጭነት ሣጥን ደግሞ ከተማ መግባት አያስፈልገውም። አዲሱ ባቡር የራሱ ጣጣም አለበት። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ የሽቦና የብሎን ሌባ ያስቸግረዋል፤ በአርብቶ አደሩ ምድር ሲያልፍ ግመልና ከብት ይገጭና ካሣ ይከፍላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጅቡቲ ሞልቶ የመጣው ፉርጎ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ አገራችን የምታስገባው ዕቃ ከምታስወጣው እጅግ ይበልጣልና።

እንግዲህ ይህን ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚመጣ ባለ ሀብት የሚያየው ምንድን ነው? ትልቅ ዕዳ፣ ግማሹን መንገድ ባዶ የሚሄድ ፉርጎ፣ በሌላ በኩል ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበትን አገር ከባሕር ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ ያያል። የመጣው ሰው ቅን ቢሆን እንኳ የባቡር ሥራ አንድ ፈተና አለበት። ሐዲድ ዛሬ ባይጠገን ዛሬ አይሰበርም። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የጥገናው ገንዘብ ግን ዛሬ ትርፍ መስሎ ይታያል። ዘመኑ የተወሰነለት ተኮናታሪ ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ስለሚቀጥለው ሰው ሐዲድ ብዙም አያስብም። የበጀት ችግር ያለበት መንግሥትም ይህንኑ ያደርጋል፤ አሮጌው ሐዲድ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው።

ጎረቤቶቻችን ይህን ነገር ሞክረውታል። ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚሄደው ሐዲድ የተጀመረው በእኛው ሐዲድ ዘመን፣ በ1888 ዓ.ም ነበር። ኬንያና ኡጋንዳ በጥቅምት 1999 ዓ.ም ሐዲዳቸውን ሪፍት ቫሊ ሬይልዌይስ ለተባለ ኩባንያ ለ25 ዓመት ሰጡ። መጀመሪያ የመራው የደቡብ አፍሪቃ ባለ ሀብት ነበር፤ ኋላ መሪነቱ ወደ ግብፅ ባለ ሀብት ዞረ። የታሰበው ገንዘብ በታሰበው ጊዜ አልገባም፤ የጭነቱም መጠን እንደ ተጠበቀው አልጨመረም። በመጨረሻ ኬንያ በ2009 ዓ.ም፣ ኡጋንዳም ጥቂት ወራት ቆይታ ሐዲዳቸውን መልሰው ያዙ፤ 25 ዓመት የተባለው በ11 ዓመት ገደማ አለቀ። ታንዛኒያም በ2000 ዓ.ም ሪትስ ለተባለ የሕንድ ድርጅት ከመቶ 51 ድርሻ ይዞ ሐዲዷን ለ25 ዓመት እንዲያስተዳድር ሰጥታው ነበር፤ በ2003 ዓ.ም ግን መልሳ ወሰደችው። በሁለቱም ቦታ መንግሥታቱ ሐዲዱን ሲሰጡ አርጅቶ ነበር፤ ሲመለስላቸውም አልታደሰም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የግል ባለ ሀብት አያስፈልግም ልንል አንወድም። አሮጌው ሐዲድ የተዘረጋው በግል ገንዘብ ነው፤ የሞተው ግን በሁለት መንግሥታት እጅ ሳለ ነው። እንደዚሁም የጎረቤቶቻችን ሐዲድ በግል እጅ ገብቶ አልዳነም። ስለዚህ የባለቤቱ ስም መለወጥ ብቻውን ባቡርን አያስኬድም። ባቡሩን የሚያስኬደው በውሉ ውስጥ የተጻፈው ግዴታና ያንን ግዴታ ዓመት በዓመት የሚቆጣጠር ብርቱ መሥሪያ ቤት ነው። መለዋወጫ የሚያመጣውንና የማያመጣውን ያወቁት አባት የነገሩን ይህንኑ ነው።

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ውል ቀርቦለት የሚያነብ ሹም ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት አምስት ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ ኩባንያው የሚያወጣው ገንዘብ ስንት ነው፣ በስንተኛውስ ዓመት ይወጣል? ሁለተኛ፣ ኩባንያው ድርሻውን ለሌላ ሲያስተላልፍ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋልን? ሦስተኛ፣ ትርፍ የማያስገኘው የመንገደኛ ባቡርና ትንሹ ጣቢያ ወጪያቸውን ማን ይሸፍናል? ይህን ኩባንያው ብቻውን ይሸከም ብንል ይዘጋዋል፤ መንግሥት ድጎማ የሚሰጥ ከሆነም መጠኑ ከነምክንያቱ ይጻፍ። አራተኛ፣ በየዓመቱ ስንት ወጣቶች ሙያ ይማራሉ፣ የሚማሩትስ የት ነው? አምስተኛ፣ ኩባንያው ቃሉን ባይጠብቅ መንግሥት ሐዲዱን የሚረከበው በምን ሁኔታና በስንት ቀን ነው? ጎረቤቶቻችን በመለያየቱ ጊዜ በፍርድ ቤት ብዙ ደክመዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

በመሸ ጊዜ ድሬዳዋ ደስ ትላለች። የቀኑ ሙቀት ሲበርድ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ በከዚራ ዛፎች ሥር ሻይ የሚጠጣው፣ ዶሚኖ የሚጫወተው፣ ከልጆቹ ጋር የሚንሸራሸረው ብዙ ነው። ከእነዚህ ሰዎች የብዙዎቹ አባት ወይም አያት ወደዚህ የመጡት ባቡሩን ተከትለው ነው፤ ከሸዋ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅቡቲ፣ ከየመን፣ ከግሪክና ከአርመን አገር ሳይቀር። ባቡሩ ለእነርሱ ያመጣው ጭነት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤትም አመጣላቸው። ይህም በየትኛውም የንብረት ቆጠራ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

በ1886 ዓ.ም ለ99 ዓመት የተሰጠው ፈቃድ ሲፈረም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ስለዚህ ስለ እርስዋ አንድ ቃል እንኳ አለመጻፉ አያስወቅስም። ዛሬ ግን አለች፤ ከእርስዋም ጋር ሽንሌና አይሻ፣ ኤረርና ሚኤሶ አሉ። የሚመጣውን ውል የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሰበብ ሊያቀርቡ አይችሉም።